ለወርክሾፕ በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ለቅጥር ለምን ያጣል?

ሰኔ ላይ አራት ኪሎን የሚያይ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ፓርላማው ውስጥ የመጪው ዓመት በጀት በትሪሊዮን እየተጠራ ይጸድቃል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ፣ ሥራ ፈላጊዎች ለዓመታት ጋዜጣ እየተከራዩ ማስታወቂያ ሲያገላብጡ ኖረዋል። አሁን ፍለጋው በአብዛኛው ወደ ቴሌግራም ዞረ እንጂ አላለቀም። በዚያው ወር የመንግሥት ሰሌዳ ያላቸው መኪኖች ሠራተኛ ጭነው ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ ይወርዳሉ። ስልጠና አለ። ወርክሾፕ አለ። የዓመት ማጠቃለያ ግምገማ አለ።

ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለአዳራሽና ለውሎ አበል ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት፣ አንዲት ተመራቂ መጥታ ስትጠይቀው "መደቡ ክፍት ነው፣ በጀት ግን አልተያዘለትም" የሚላት በምን ሒሳብ ነው?

ታክሲ ውስጥ ይህን ብታነሱ መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ይበሉታላ!" የሚበላ የለም አልልም። ግን አንድ ሳንቲም የማይነካ ኃላፊ ያለበት ቢሮም ያንኑ መልስ ነው የሚሰጣት። ነገሩ ያለው በጀቱ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። ይህን መንገድ የገባው ሰው የራሱ ዲግሪ መንግሥት ቤት ውስጥ ስንት ብር እንደሚያወጣም አብሮ ይገባዋል።

ትሪሊዮኑ ወዴት ይሄዳል?

መጀመሪያ አንድ የሚያምታታ ነገር እናጥራ። የ2018 በጀት ዓመት የሚባለው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2018 የሚያልቀው ነው። ስሙን የሚወስደው ከሚያልቅበት ዓመት ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለ2018 ያጸደቀው የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ለ2016 የጸደቀው 801 ቢሊዮን ብር ገደማ ስለነበር ዝላዩ ያስደነግጣል። መሐል ላይ 2017 አለ። እሱ በ971 ቢሊዮን ብር ተጀምሮ ኅዳር ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ታወጀበት። ምን ተፈጠረ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። መንግሥት በዶላር የሚከፍለው ሁሉ፣ ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ የውጭ ዕዳውም፣ በብር ሲጻፍ አበጠ። ደመወዝም ተጨመረ። ስለዚህ በጀቱ ከእጥፍ በላይ አደገ ሲባል መንግሥት ከእጥፍ በላይ ሀብታም ሆነ ማለት አይደለም። ብዙው ጭማሪ ያንኑ ዕቃ በአዲስ ዋጋ መግዣ ነው።

ከ1.93 ትሪሊዮኑ ውስጥ 1.2 ትሪሊዮን ያህሉ መደበኛ በጀት ነው። ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ፣ መከላከያ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። ከዚሁ መደበኛ በጀት ከ460 ቢሊዮን ብር በላይ የሚሆነው ዕዳ መክፈያ ነው። ለካፒታል፣ ማለትም ለመንገድ፣ ለመስኖ፣ ለሕንፃ፣ 415 ቢሊዮን ብር ገደማ ተይዟል። ለክልሎች ድጋፍ 315 ቢሊዮን ያህል ይሄዳል። ቀሪው 14 ቢሊዮን ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ነው። አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ደግሞ የራሱ ምክር ቤት የሚያጸድቀው ሌላ በጀት አለው። ፒያሳ ማዘጋጃ ቤት ያመለከተና አራት ኪሎ አንድ ሚኒስቴር ያመለከተ ሰው ከሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ነው ሥራ የጠየቀው።

ዕዳው ከተከፈለ፣ የክልሉ ድርሻ ከሄደ፣ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ነው እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ድርሻ የሚያገኘው። እሱም ቢሆን እንደፈለገ የሚመዝዘው አንድ ጥቅል ብር አይደለም። በኮድ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው።

ስልሳ ሁለት ሰላሳ አንድ

የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኞችን ቋንቋ ሰምታችሁ ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር ትይዛላችሁ፦ "ስልሳ ሁለት ሰላሳ አንድ ላይ ቀሪ አለ ወይ?" 6231 የውሎ አበል ኮድ ነው። 6232 የትራንስፖርት ክፍያ ነው። 6233 መስተንግዶ ነው፤ የስብሰባው ሻይና ውሃ የሚወጣው ከሱ ነው። 6217 ነዳጅና ቅባት ነው። የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ 6111 ነው። እያንዳንዱ ኮድ ለዓመቱ የራሱ ጣሪያ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ግን ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ገደብም አለው። ለምሳሌ ከካፒታል በጀት ወደ መደበኛ ማዛወር ክልክል ነው። ለሕንፃ የመጣ ገንዘብ ስለተረፈ ብቻ ደመወዝ አይሆንም።

እንግዲህ 6111ን እና 6231ን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ብር ናቸው። ፀባያቸው ግን አይገናኝም።

ደመወዝ እንደ ቤት ኪራይ ነው። አንዴ ከገባችሁበት በየወሩ ይመጣል። ውሎ አበል እንደ ድግስ ነው። ዘንድሮ ደግሳችሁ ለከርሞ ብትተዉት ማንም አይከሳችሁም።

አንዲት የ22 ዓመት ተመራቂ በቋሚነት ስትቀጠር መንግሥት የፈረመው ለአንድ ዓመት አይደለም። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ከቆየች 38 ዓመት ደመወዝ፣ ከዚያ ደግሞ በሕይወት እስካለች ጡረታ ነው። በዛሬው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር በወር ማለት በዓመት 138,000 ብር ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲጨመር 153,180 ብር ይሆናል። አሥር ሰው ከሆነ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ። እሱም ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ የደረጃ ዕድገት ሳይቆጠር። ለዚህ ነው አዲስ መደብ ሲጠየቅ በየበሩ የሚቆመው። መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ላይ መኖር አለበት። መዋቅሩን ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ያየዋል። መደቡ ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሚኒስቴር በጀት ይይዝለታል ወይም አይይዝለትም። "መደቡ ክፍት ነው፣ በጀት ግን የለውም" የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። ወረቀቱ ላይ ወንበሩ አለ፤ 6111 ላይ ግን ስሙ የለም።

ውሎ አበል ሲሆን ዓመታዊ ዕቅድ ላይ "ስልጠና መስጠት፣ ክትትል ማድረግ" ተብሎ ይጻፋል፣ ይገመታል፣ ይገባል። ሰኔ 30 ላይ ቃሉ ያልቃል።

በጀት ሲቃጠል

ሰኔ 30 ያልተነካ ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ አይተርፍም። ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ሠራተኛው "በጀት ተቃጠለ" የሚለው ይህንን ነው። ገንዘቡ እንኳ አልተቃጠለም፤ መንግሥት ጋ ነው ያለው። የተቃጠለው የቢሮው ዕድል ነው።

ኃላፊውን የሚያስፈራው ግን የዘንድሮው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ የበጀት ጥሪ ይመጣል፣ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፣ በጀት ስሚ ላይ ቀርበው ያስረዳሉ። እዚያ ላይ የሚቀርብ በጣም ቀላልና በጣም ከባድ ጥያቄ አለ፦ "አምና የሰጠንህን ሳትጨርስ ዘንድሮ ለምን ትጨምራለህ?" የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለፓርላማ በሚያቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥም ከደንብ ውጭ ከወጣ ገንዘብ ጎን ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት እየተነሳ ይጠየቅበታል። እንግዲህ ባወጣህ ትጠየቃለህ፣ ባታወጣም ትጠየቃለህ። ኃላፊው በዚህ መሐል ነው የሚኖረው።

ግንቦት ላይ ቀሪ ሒሳቡ ይወጣል። ገንዘቡ ለምን ተረፈ? አንዳንዱ ጨረታ ስለዘገየ ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ለቆ መደቡ ባዶ ስለቆየ ነው። በቀረው አንድ ወር ምን ሊሠራበት ይችላል? ዕቃ ለመግዛት ጨረታ ማውጣት፣ ቀን መጠበቅ፣ መገምገም፣ ቅሬታ ማስተናገድ፣ ውል መፈረም ያስፈልጋል። ሰኔ አይበቃም። ሰው ለመቅጠርም ማስታወቂያ፣ ምዝገባ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ የተቀጠረውን ሰው የሚከፍለው አዲስ በጀት ያስፈልጋል። ስልጠና ለማዘጋጀት ግን የስም ዝርዝር፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ሆቴል። በቃ። በሰኔ የሚበዛው ነገር ወርክሾፕ የሆነው እሱ ስለሚቀል ነው።

ቢሾፍቱና አዳማ ለምን እንደሚመረጡም ከዚሁ ይመጣል። ውሎ አበል የሚከፈለው ከመደበኛ የሥራ ቦታው ርቆ ለሚሄድ ሰው ነው። ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም አራት ኪሎ ያሉ ሰዎች እዚያው አራት ኪሎ አዳራሽ ውስጥ ቢሰበሰቡ 6231 አይከፈትም። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቅ አለው፣ ሆቴል ሞልቷል፣ በፈጣን መንገዱ ተሂዶ ማታ ይታደራል። "ከቢሮ ስልክና ከተገልጋይ ርቆ ለመሥራት" የሚለው ምክንያትም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሰው ቢሮው ካለ በየአሥር ደቂቃው ይጠራል። ቢሆንም በአንድ ቀን የሚያልቅ ስልጠና ለሦስት ቀን ሲለጠጥ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ይንገረኝ።

አንድ ሺህ ብር በሁለት መንገድ

አሁን ወደ ሠራተኛው ኪስ እንግባ። ውሎ አበል እንዲህ የሚወደደው ለምን እንደሆነ በቁጥር ስታዩት ይገባል።

11,500 ብር የምታገኝ ሠራተኛ ደመወዟ ላይ 1,000 ብር ተጨመረላት እንበል። አሁን ባለው የገቢ ግብር ሕግ ያ ጭማሪ 30 በመቶ በሚቆረጥበት እርከን ላይ ይወድቃል፤ 300 ብር ሄደ። የሠራተኛ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ 70 ብር ሄደ። የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ የምትመልሰው፣ ካለባት ሌላ አሥር በመቶ፣ 100 ብር ሄደ። እጇ የሚገባው 530 ብር ነው። መሥሪያ ቤቷ ግን በራሱ በኩል የ11 በመቶ ጡረታ ጨምሮ 1,110 ብር አውጥቷል።

ያው 1,000 ብር በውሎ አበል ቢመጣስ? ውሎ አበል የጡረታ መዋጮ አይነካውም፤ እስከ ተወሰነ ጣሪያም ከግብር ነፃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያወጣው 1,000 ከሆነ የሚደርሳትም ወደዚያው ይጠጋል። በእርግጥ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራትና ለአልጋ ተብሎ የተሰጣት ስለሆነ እውነተኛ ወጪ አለበት። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ክፍል ተጋርተው፣ ሆቴሉ ውስጥ ሳይሆን ከመንገድ ማዶ ሽሮ በልተው የሚያተርፉት ግን የታወቀ ነው። የደመወዝ ጭማሪ ለማጽደቅ ምክር ቤት መቀመጥ አለበት። ለመስክ ለመውጣት የክፍል ኃላፊው ፊርማ ይበቃል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ቅሬታውም ሐሜቱም "ማን መስክ ወጣ" ላይ ይከማቻል።

ይህን ስል መስክ ሁሉ ወርቅ ነው ማለቴ አይደለም። የመንግሥት የውሎ አበል ተመን የሆቴል ዋጋን ተከትሎ አይሮጥም። ራቅ ያለ ከተማ ሄዶ አልጋ ከተመኑ በላይ ሆኖበት ከኪሱ ጨምሮ የተመለሰ ባለሙያ ብዙ ነው። ቅድሚያ የወሰደው ገንዘብም በሰነድ እስኪወራረድ ድረስ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሆኖ በስሙ ይቆያል፤ ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ሰው ተሽቀዳድሞ የሚወጣው በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሸፈነው መስክ ላይ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ የተሻለ ተመን አለው።

ነዳጁም አለ። አንድ ክፍል ለዓመቱ 100,000 ብር ነዳጅ ተፈቀደለት እንበል። ነሐሴ 2016 ላይ ቤንዚን በሊትር 82 ብር ከ60 ነበር፤ በዚያ ዋጋ 1,210 ሊትር ይሆናል። ጥር 2017 ላይ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ገባ፤ ያው ብር ወደ 985 ሊትር ወረደ። ከዚያም በኋላ ዋጋው መውጣቱን አልተወም። ኮዱ ላይ ያለው ብር ግን በዓመቱ አጋማሽ በራሱ አይጨምርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሩቅ ጉዞ ነው። ገጠር ያለውን ፕሮጀክት ለማየት ታስቦ የነበረው መኪና ይቀራል፤ ቢሾፍቱው ይተርፋል። በእኔ ግምት ከሰኔው ወርክሾፕ ይልቅ ሊያናድደን የሚገባው ይሄኛው ነው። ስልጠናው ቢቀር ብዙ ሰው አይጎዳም። መታየት የነበረበት የጤና ጣቢያ ሳይታይ ሲቀር ግን የሚጎዳ አለ።

ዲግሪዋ ስንት ታወጣለች?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ሄዷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ጀማሪ ሆኖ የሚገባ ሰው ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር።

11,500ውን እንቆርጠው። የገቢ ግብር 2,100 ብር። ጡረታ 805 ብር። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። የወጪ መጋራት ከተቀነሰ 1,150 ብር ሄዶ 7,445። በሌላ በኩል 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 700፣ ጡረታው 420 ነው፤ እጁ 4,880 ይገባል። ስለዚህ በመንግሥት ቤት መነሻ ላይ ዲግሪው ያመጣው ልዩነት በወር 3,715 ብር ነው። የወጪ መጋራቱ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ 2,565 ብር ብቻ። አራት ዓመት ለተማረ ሰው ትንሽ ነው ብትሉ አልከራከርም። የስኬሉ ጫፍ 39,000 መሆኑ ግን መነሻው ብቻ ታይቶ እንዳይፈረድ ያደርጋል፤ ዲግሪ የሌለው ሰው ወደዚያ ጫፍ የሚያወጣው መሰላል የለውም።

ወጪ መጋራት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች ምረቃቸው ሲደርስ ነው ትዝ የሚላቸው። በ1996 አካባቢ የተጀመረ አሠራር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ለምግቡ፣ ለመኝታውና ለትምህርቱ የወጣውን ከፊሉን ሥራ ይዞ ይመልሳል። እስኪከፍል ድረስ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማስረጃ፣ ነው የሚያመለክተው። ማስታወቂያው "ኦሪጅናል ይዞ መቅረብ" ሲል ልጁ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ከመነሻው ጠቅልሎ የሚከፍል ሰው ቅናሽ አለው፤ ጠቅልሎ የሚከፍልለት ዘመድ ካለ ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይኸውና። በመንግሥት ቤት ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው፣ ለወረቀቱ አይደለም። የሥራ ምዘናና ደረጃ፣ ቢሮ ውስጥ ጄኢጂ የሚሉት፣ ሥራዎችን በ22 ደረጃ ከፋፈላቸው። የሚመዘነው ሥራው ነው፤ ምን ያህል ዕውቀት ይጠይቃል፣ ምን ያህል ኃላፊነት አለበት። እንግዲህ ማስተርስ ይዛችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ በሚጠይቅ መደብ ላይ ከገባችሁ የምትከፈሉት የመደቡን ነው። ማስተርሱ የሚጠቅመው ከፍ ያለ መደብ ሲከፈት ለውድድር ነው። መደብ ካልተከፈተ ፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። በማታው ክፍለ ጊዜ ስድስት ኪሎም ሆነ ሰንጋ ተራ አካባቢ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚከፍሉ የመንግሥት ሠራተኞች ከመመዝገባቸው በፊት የመሥሪያ ቤታቸውን መዋቅር ቢያዩ ደስ ይለኛል። ማስተርስ የሚጠይቅ መደብ ስንት ነው? ያሉት ሰዎች ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው? መልሱ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ አለ።

ደረጃው ደግሞ ወደ ጉዞው ይመልሰናል። የውሎ አበሉ መጠን ከደረጃና ከደመወዝ ጋር የታሰረ ነው። የሥራው ዓይነትም ይወስናል። ተመሳሳይ ዲግሪ ይዘው አብረው የተቀጠሩ ሁለት ልጆች፣ አንዷ ዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ውስጥ፣ ሌላው መዝገብ ቤት ቢመደቡ በወረቀት ደመወዛቸው ሊቀራረብ ይችላል። አንዷ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ መስክ ትወጣለች፤ ሌላው አንድም ቀን አይወጣም። የሁለቱ ገቢ በዓመቱ መጨረሻ አይገናኝም። ይህን ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም።

የዲግሪው ዋጋ በራሱ ተቀይሯል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ ከመቶ አርባ ያህል ማለት ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያኔ ብዙ ቤተሰብ አለቀሰ። ቀጣሪው ግን አንድ ነገር አገኘ፤ የኮሌጁን ስም ብቻ ሳያይ የሚያወዳድርበት አንድ ዓይነት መስፈሪያ። ከዚያ በፊት የተመረቀና ከዚያ በኋላ የተመረቀ ሰው የያዙት ወረቀት ቢመሳሰልም ቀጣሪ ፊት እኩል ላይመዝን ይችላል።

ቤትና ቢሮ መሐል ያለው ብር

ስለ ጉዞ ወጪ ስናወራ የቢሮውን ብቻ ማውራት አድልዎ ነው። ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራው አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ ወይም ለገሃር ነው። በቀን 100 ብር ለታክሲ የሚያወጣ ሰው በ22 የሥራ ቀን 2,200 ብር ያወጣል። ከ8,595 ብሩ ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከፍ ብለን ካሰላነው የዲግሪ ልዩነት፣ ከ3,715 ብሩ፣ ግማሹን በልጦ ሄደ።

የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የተከበረው ለዚህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በነፃ ይሳፈራል። ደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ አይታይም እንጂ ያ ነፃ ጉዞ ግብር የማይቆረጥበት ገቢ ነው። መስመሩ ለሰፈሩ የሚመች ሰው 2,200 ብሩ ኪሱ ቀረ። ሰዓቱ ያመለጠው ሰው ደግሞ ሰልፍ ይይዛል። ግል ድርጅት ውስጥ 14,000 ብር ተባልኩ ብሎ የሚኩራራ ጓደኛ ካላችሁ፣ መጀመሪያ "ኔት ነው ግሮስ?" በሉት፤ ተቆራርጦ እጅህ የሚገባው ነው ወይስ ሳይቆረጥ ማለት ነው። ቀጥላችሁ "ሰርቪስ አለው?" በሉት። 14,000 ግሮስ ከሆነ ግብሩ 2,850፣ ጡረታው 980 ነው፤ 10,170 ይቀራል። ታክሲውን ስትቀንሱ 7,970። ከመንግሥቱ 8,595 በታች ወረደ እኮ!

ማስታወቂያውን እንዴት ላንብበው?

የመንግሥት ማስታወቂያ አሰልቺ ቢመስልም ብዙ ነገር ይናገራል። "ደረጃ" የሚለውን ዓምድ ከ"ደመወዝ" በፊት እዩት፤ ዕድገቱም ውሎ አበሉም የሚያያዘው ከሱ ጋር ነው። "ብዛት 1" የሚል መደብና "ብዛት 12" የሚል መደብ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የለቀቀ ሰው መተኪያ ነው፣ ሁለተኛው አዲስ በጀት የተገኘለት ሥራ ሊሆን ይችላል። የሚወጣበት ወርም ይነግራችኋል። ሐምሌ ላይ በጀቱ ትኩስ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ባዶ የቆየ መደብ ነው፤ ተወዳዳሪው ፈጥኖ ካልተቀጠረ የዓመቱ የደመወዝ ብር ሰኔ 30 ይመለሳል፤ ስለዚህ ቢሮውም ይቸኩላል።

"የቅጥር ሁኔታ" የሚለው መስመር ላይ ቋሚ፣ ኮንትራት ወይም በፕሮጀክት የሚል ታገኛላችሁ። የፕሮጀክቱ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከቋሚው ይበልጣል፤ የመንግሥት ስኬል ላይታሰርበት ይችላል፣ መስኩም ይበዛል። ግን የሚከፈለው ከ6111 አይደለም። አበዳሪው ወይም ለጋሹ ገንዘቡን ሲያቆም ሥራው አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለሽ?" ስትባይ ዝም ከማለት "ፕሮጀክቱ የሚዘጋው መቼ ነው? ሲዘጋ ወደ መዋቅር የሚገቡ መደቦች አሉ?" ብለሽ ጠይቂ። የሚመልስልሽ ሰው ዓመተ ምሕረት ከጠራልሽ ውሉን ከዚያ ቀን ጋር አስተያይተሽ ፈርሚ። "እሱ በሂደት የሚታይ ነው" ካለሽ ግን ሌላውን ማመልከቻ ሳታቋርጪ ግቢ።